ድርብርቡ ሰሌዳ ከቤት የወጣበት ዘመን

የሰርኪዩት ሰሌዳ ጥንተ ነገሩ ኅትመት ነው። በ1907 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በቪየና የተወለደው አይሁዳዊው መሐንዲስ ፓውል አይስለር፣ በዘር ምክንያት በሀገሩ ሥራ ቢነፈገው በ1936 ወደ ለንደን ተሰደደ፤ በዚያም በኪራይ ቤት ተቀምጦ፣ የራዲዮን ሽቦ በመዳብ ቅጠል ላይ እንደ ፊደል አትሞ ለማውጣት ተጠበበ። ለአምራቾች ቢያሳያቸው፣ ሽቦ የሚበይዱት ሴቶች ደመወዝ ከዚህ ይረክሳል ብለው መለሱት ይባላል። በመጨረሻ የተቀበለው ሄንደርሰን ኤንድ ስፖልዲንግ የተባለ ማተሚያ ቤት ነበር፤ የቀለምንና የአሲድን ጠባይ የሚያውቅ አታሚ ከራዲዮ ነጋዴው ቀድሞ ምሥጢሩ ቢገባው ምን ይደንቃል!

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰሌዳው በየፋብሪካው ሲገባ፣ ናሙናውን እዚያው ቤት መሥራት ልማድ ሆነ። ነዳፊው በብርሃን ጠረጴዛ ላይ ግልጽ የማይላር ፕላስቲክ ዘርግቶ፣ ቀጫጭን ጥቁር ፕላስተር በምላጭ እየቆረጠ፣ መስመሩን ከእውነተኛው መጠን 2 ወይም 4 እጥፍ አድርጎ ይለጥፋል፤ ሰሌዳው ባለ ሁለት ገጽ የሆነ እንደ ሆነ የአንዱን ገጽ በቀይ፣ የሌላውን በሰማያዊ ይለጥፍና ፎቶ አንሺው በቀለም ማጣሪያ ይለያቸዋል። ሥዕሉ በፊልም ታንሶ በመዳቡ ላይ ከታተመ በኋላ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ይነከራል፤ ፈሳሹም ያልተሸፈነውን መዳብ በልቶ መስመሩን ያስቀራል፤ በነካው ጣትና ሸሚዝ ላይም በቀላሉ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ስሕተት ቢገኝ፣ ቁም ጸሐፊ በብራናው ላይ የሳተውን ፊደል እንደሚፍቅ፣ መስመሩን በምላጭ ፍቆ ሽቦ በይዶ ማረም ይቻል ነበር።

በ1960ዎቹ የተስፋፋው፣ ከሁለት በላይ ገጽ ያለው ድርብርብ ሰሌዳ ግን ይህን ምሕረት አያውቅም። ውስጠኞቹ ገጾች ለየብቻ ተበልተው፣ ሙጫ ጠጥቶ ገና በደንብ ባልጠነከረ የመስታወት ጨርቅ መካከል ተነባብረው፣ እንዳይዛነፉ በካስማ ተይዘው፣ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ግለት ይጨመቃሉ። ቀጥሎ ቀዳዳው ይሰረሰራል፤ መሰርሰሪያው ያቀለጠው ሙጫ የውስጡን መዳብ ጠርዝ ስለሚሸፍነው በኬሚካል ይጸዳል፤ የቀዳዳው ግድግዳም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስለ ሆነ፣ በፓላዲየም አማካይነት ስስ መዳብ ካልለበሰ በቀር በኤሌክትሪክ ሊለበጥ አይችልም። ከነዚህ በአንዱ የተፈጸመ ጉድለት ኅቡእ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሰሌዳውን በመጋዝ ቆርጦ፣ ቁራጩን በሙጫ ውስጥ አቁሞ፣ ፊቱን አለስልሶ በማይክሮስኮፕ መመልከት ያሻል፤ ምርመራው የሚፈጸመው እንግዲህ በሬሳ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በቤቱ የሚያደርግ ኩባንያ አልጠፋም። በኦሬጎን የተቋቋመው የኦሲሎስኮፕ ሠሪው ቴክትሮኒክስ የራሱን የሰሌዳ ፋብሪካ አቁሞ ይሠራ ነበር። የዚህ ዐይነቱ ቤት ትርፍ በሒሳብ መዝገብ አይገባም፤ ነዳፊው መስመሩን ከልክ በላይ ያቀጠነ እንደ ሆነ ለባጩ በዚያው ቀን በፊቱ ይነግረዋልና። ወጪው ግን በየቀኑ ይጻፋል፤ የመለበጫው ገንዳ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም መመርመርና መታደስ፣ እጣቢውም መዳቡ ሳይወጣለት ወደ ወንዝ አለመፍሰስ አለበት።

ሥራው ከቤት የሚወጣበትን በር የከፈተው ሌላ የቪየና ስደተኛ መሆኑ ይገርመኛል። በ1924 የተወለደውና በ1940 ከናዚዎች አምልጦ አሜሪካ የገባው ጆሴፍ ገርበር ያቋቋመው ኩባንያ፣ በቁጥር እየታዘዘ በፊልም ላይ በብርሃን የሚሥል መሣሪያ ሠራ፤ የትእዛዙም አጻጻፍ የሰሌዳ ሠሪዎች ሁሉ የጋራ ቋንቋ ሆነ። ፕላስተር የተለጠፈበትን ማይላር በጥንቃቄ ጠቅልሎ መላክ ቀረና ቁጥሩ ብቻ ተላከ፤ ተቀባዩ ሰሌዳ ሠሪም የብዙ ደንበኞችን ናሙና በአንድ ሰፊ ገበታ ላይ አሰልፎ ባንድነት ስለሚጨምቅና ስለሚለብጥ፣ አንድ ቤት ብቻውን የሚሸከመው ወጪ ለብዙዎች ተከፋፈለ። በእኔ አስተያየት ባለ ሁለት ገጹን ዛሬም በቤት መሥራት የሚያሳፍር አይደለም፤ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ንብርብሩን በቤቴ ልሥራ የሚል ሰው ግን ናሙና ሳይሆን ፋብሪካ ጀምሯል።

ቴክትሮኒክስም በ1994 የሰሌዳ ፋብሪካውን ሜሪክስ በሚል ስም ከራሱ ለየው። ሜሪክስ በ2010 ለቪያሲስተምስ፣ ቪያሲስተምስም በ2015 ለቲቲኤም ተሸጠ።