የልጆች ልብስና የቤት መርፌ ታሪክ

የነቢዩ የሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ለእግዚአብሔር ቤት ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ታናሽ መደረቢያ እየሠራች፣ መሥዋዕት ለማቅረብ ከባሏ ጋራ በምትወጣበት ጊዜ ትወስድለት እንደ ነበረ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ልጅ በየዓመቱ ያድጋልና የዐምናው ልብስ ለዘንድሮ አይበቃም። የልጅ ልብስ ሥራ ከሌላው ልብስ ሥራ የሚለየውም በዚህ ነው። ጎልማሳ አንድ ጊዜ ያሰፋው ልብስ እስኪያልቅ ድረስ ያገለግለዋል፤ ሕፃን ግን ልብሱ ሳያልቅ እርሱ ልብሱን ያልፈዋል። ስለዚህ የልጅ ልብስ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ልጁ ባለበት ቤት ወይም ከዚያው አጠገብ፣ ዕድገቱን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ በመኖሪያ ቤታቸው የስፌት መኪና ተክለው የልጆች ልብስ እየሰፉ የሚተዳደሩ ሰዎች ሥራቸው አዲስ ቢመስልም ሥሩ የቈየ ነው። ታሪኩንም የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም በዚህ ሙያ ቤትና የሥራ ቦታ አንድ መሆናቸው ነው። ቤቱ ጸንቶ በቈመ ጊዜ ሙያው ይጸናል፤ ቤቱ በተናወጠ ጊዜ ሙያው አብሮ ይናወጣል።

በኢትዮጵያ የጥጥ ነገር ከጥንት የታወቀ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና በኖባና በካሱ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ላይ ባስጻፈ ጊዜ፣ ሠራዊቱ ካጠፋው ነገር ጋራ የእህልና የጥጥ ማከማቻ ይጠቀሳል። በግእዝ ጡጥ የሚባለው ዛሬ በአማርኛ ጥጥ የምንለው ነው። ከዔዛናም በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ በግሪክኛ የጻፈ አንድ ነጋዴ፣ በግብፅ የተሠራ ልብስ ወደ አዱሊስ ወደብ ይገባ እንደ ነበረ ተናግሯል። እንግዲህ የቤት እጅ ሥራና ከባሕር ማዶ የሚመጣው ልብስ የሚያደርጉት ሽሚያ ትናንት የተጀመረ አይደለም።

ሥራውም በወንድና በሴት መካከል የተከፈለ ነበረ። ሴቲቱ ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች፤ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን ታዘጋጃለች። ሸማኔው ደግሞ ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ ይሠራዋል። በአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል የብሥራቱ መልአክ ወደ እመቤታችን ሲመጣ እርስዋ ፈትል ይዛ የምትታየው፣ መፍተል በሴት ዘንድ የክብር ሥራ መሆኑን ለሚያይ ሁሉ ያስታውሳል። ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እጁ ማቀበል ስለሚገባው የሸማው ስፋት በክንዱ ልክ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ቍራጭ ከቍራጭ ጋራ እየተጋጠመ ይሰፋል። ለልጅ ግን ይህ ጠባብነት ምቹ ነው፤ ከአንድ ነጠላ ላይ የተረፈው ለሕፃን ቀሚስ ይበቃልና። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና በምትነሣበት ጊዜ የምትለብሰው ነጭ ልብስ ብዙ ጊዜ ከዚህ ዐይነት ጨርቅ የተሠራ ነበረ።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ ሸማ እየለበሰ ሸማኔውን ይንቅ ነበረ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣውን በቡዳነት እያማ፣ ሸማኔውን በሙያው ስም እየሰደበ፣ በዓል ሲመጣ ግን ያለ እርሱ እጅ አይወጣም ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ፤ ሠራተኛ የሚሰደብበት አገር ባዶ ሆኖ እንደሚቀርም አስጠነቀቁ። ዐዋጁ ስድቡን በአንድ ቀን ባያጠፋውም፣ የእጅ ሥራ ክብር የመንግሥት ጕዳይ መሆኑን ያስታወቀ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ ለውጥ መጣ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የባሕር ማዶ ጨርቅ በብዛት ይገባ ጀመረ። አስቀድሞ የአሜሪካ፣ ኋላም የጃፓን አቡጀዲድ የድኻውን ቤት ሞላው፤ የልጅ እጀ ጠባብም ከአቡጀዲድ ይሰፋ ጀመረ። በከተማው የህንድና የአርመን ልብስ ሰፊዎች ሱቅ ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያንም ሙያውን ተምረው በየበረንዳው መኪና ዘርግተው ተቀመጡ። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር በ1843 ዓ.ም. በስሙ ያስመዘገበው የስፌት መኪና በዓለም የተስፋፋው፣ በእግር እየተረገጠ በቤት ውስጥ ሊሠራ ስለሚችልና ድርጅቱ ዋጋውን ጥቂት በጥቂት እያስከፈለ ይሸጥ ስለ ነበረ ነው። በእኛም አገር ሲንጀር የሚለው ስም የመኪናው መጠሪያ እስኪመስል ድረስ ታወቀ። ዋጋውን በአንድ ጊዜ ለመክፈል ያልቻለ ሰው ዕቁብ ገብቶ፣ ዕጣው በወጣለት ቀን መኪናውን ይገዛዋል። የባሕር ማዶ ነጋዴ በውል ያደረገውን የአገሬው ሰው በመተማመን አደረገው።

በዚህ ጊዜ የመርፌው ነገር ወደ ሴቶች እጅ ተመለሰ። በበረንዳ ላይ መኪና ይዘው ይታዩ የነበሩት አብዛኞቹ ወንዶች ሲሆኑ፣ ሴቶች ልጆች ስፌትን በትምህርት ቤት ይማሩ ጀመር። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የእጅ ሥራ ትምህርትም ለሴቶች ልጆች ከሚሰጠው ትምህርት አንዱ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. በእቴጌ መነን ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር፣ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለቈሰሉት ፋሻ ያዘጋጅ ነበረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ በየቤቱ የሚሰፉ ሰዎች የልጅ ቀሚስ ትተው የጨርቅ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሰፉ። የቤት መርፌ በሰላም ጊዜ የልጅ ልብስ፣ በጭንቅ ጊዜ የአገር መድኅን መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ለዚህ ሙያ የተመቹት በመንገዳቸው ነው። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በኩል በጅማ መንገድ ላይ ነች። ቡራዩ በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ፣ ለአዲስ አበባ ውኃ በሚሰጠው በገፈርሳ አጠገብ ትገኛለች። ሱሉልታ በሰሜን በኩል እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ነች። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ በከበደ መጠን፣ ገቢው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ባለ ሙያ ወደ እነዚህ ከተሞች ወጣ። ጨርቁንና ክሩን ከመርካቶ፣ ሸማውንና ጥለቱን ከሽሮ ሜዳ ይገዛል፤ በቤቱ ሰፍቶ ለጎረቤትና ለነጋዴ ይሸጣል። የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ በገባ በ100 ዓመቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻውን ሰበታ ላይ ማድረጉም የባሕሩን በር ለእነዚህ ከተሞች አቅርቦታል።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከጋሞ ደጋ፣ ይልቁንም ከዶርዜ፣ የመጡት ሸማኔዎች በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፍረው ከተማውን ያለብሱ ነበረ። ከእነርሱም ልጆች ብዙዎች ወደ ቡራዩ ተሻገሩ። በእነዚህ ቤቶች አባት ይሸምናል፤ እናት ትፈትላለች ወይም ትሰፋለች፤ ከፍ ያሉት ልጆች ከትምህርት ሲመለሱ ክሩን በቀሰም ላይ ያጠነጥናሉ። ጕድጓዱ የተቈፈረበት፣ የሸማኔው ዕቃ የተተከለበት ስፍራ ከመኝታው ጥቂት ርምጃ አይርቅም።

የልጅ ልብስ ሥራ የራሱ ጥበብ አለው። ጥሩ ሰፊ ሕፃኑን ሲለካ ለዕድገቱ ይተርፋል፤ የቀሚሱን ጫፍና የእጅጌውን ዘምዘሚት ሰፋ አድርጎ ያጥፋል፤ ልጁ ባደገ ጊዜ ስፌቱ ተፈትቶ ይለቀቃልና። አንገቱ እንዳይከረክር ስፌቱን ወደ ውጭ ያዞረዋል፤ ሕፃን ወደ አፉ ስለሚወስድ ቍልፉን አጥብቆ ይተክለዋል። ሥራው የሚበዛው በወራት ነው። ለእንቍጣጣሽና ለመስቀል፣ ከዚያም ለኢሬቻ የኦሮሞ ባህል ልብስ ይሰፋል፤ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስም በዚያው ሰሞን ይደርሳል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንደሚባለው፣ በጥር ወር እናት ሁሉ ልጇን አልብሳ ታቦት ለመሸኘት ትሽቀዳደማለች። በጾም ወራት ግን ገበያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በበዓል ያገኘውን በጾም ወራት የማያብቃቃ ሰፊ በሁለተኛው ዓመት መኪናውን ለመሸጥ ይገደዳል። ብዙዎችም የጨርቁንና የክሩን ዋጋ ቈጥረው የእጃቸውን ድካም ሳይቈጥሩ ይሸጣሉ፤ በቤት የተሠራ ሥራ ሥራ አይመስልምና።

የሚያስጨንቃቸው ሌላም አለ። በስውር የሚገባው ሰልባጅ በዋጋው ይረታቸዋል። በፋብሪካ የታተመ፣ የጥለት መልክ ያለው የቻይና ጨርቅም ሸማኔው ብዙ ቀን የደከመበትን ጥበብ በርካሽ ይተካል። መብራትም በጠፋ ጊዜ የኤሌክትሪክ መኪና ያለው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ የጥንቱን በእግር የሚረገጥ መኪና የያዘ ግን ሥራውን ይቀጥላል። በሰበታ አጠገብ በዓለም ገና አይካ አዲስ የተባለው የቱርክ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ2002 ዓ.ም. ተከፍቶ የተሰፋ ልብስ ወደ ጀርመን ይልክ ነበረ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ዕዳው ስለ በዛ የልማት ባንክ ተረከበው። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉን ለኢትዮጵያ በዘጋች ጊዜም በፋብሪካ የሚሰፉ ብዙ ሴቶች ሥራ አጡ። ታላቁ ፋብሪካ በሩቅ ገበያና በብድር ላይ የቈመ ነው፤ ታናሹ ቤት የሚቈመው በጎረቤቱ ልጅ ላይ ነው።

ታናሹ ቤት ግን ሌላ ፈተና አለበት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቈጠሩት ቤታቸውን ጥለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ሸማኔ ከቤቱ ሲወጣ የሚተወው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ የሸማውን ዕቃ፣ የተዘረጋውን ድር፣ የጀመረውን ጥለት ይተዋል። ይህ ወሬ አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኑአቸው፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። የሽማግሌዎቹ ልመና የሰውን ደም ብቻ ሳይሆን በየከተማው ተበትኖ በሰላም የሚሠራውን ባለ ሙያ ሁሉ ቤት አዳነ።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋራ ተጣምረው ሸገር ከተማ ተባሉ። በዚያው ዓመት ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው ተብለው ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ከተማ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሹም ቤትን በሚቈጥርበት ጊዜ በውስጡ ያለውን መኪናም ቢቈጥር መልካም ነው። ሱቅ የፈረሰበት ነጋዴ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በቤቱ የሚሰፋ ሰው ግን ቤቱ በፈረሰ ጊዜ መኝታውንና እንጀራውን በአንድ ቀን ያጣል። ለእርሱ ምትክ ሲታሰብ የሚያድርበት ብቻ ሳይሆን የሚሰፋበትም ስፍራ መታሰብ ይገባዋል።

ዐፄ ምኒልክ በዐዋጅ የከለከሉት ስድብ ዛሬ በአፍ ቀንሷል። በገበያ ላይ ግን መልኩን ለውጦ ይታያል። ለባሕር ማዶው ልብስ የተጠየቀውን ከፍሎ፣ የጎረቤቱን ሴት ሥራ ግን ከቤት የወጣ ነው ብሎ እስከ ግማሽ የሚከራከር ሰው፣ የሸማኔውን ስም ባይሰድብም ድካሙን ይሰድባል። ልጁን ለበዓል የሚያለብስ አባት ዋጋውን ሲከፍል የጨርቁን ብቻ ሳይሆን የሌሊቱንም ድካም ቢያስብ፣ ሰፊዋም የእጇን ዋጋ ሳታፍር ብትጠይቅ፣ በእነዚህ ከተሞች የሚገኘው የቤት መርፌ ለሚመጣው ትውልድ ልጆች ይተርፋል።