ወጀትን ማን ያስታውሳታል?

ከጦርነቱ በፊት ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን የምታፈላውን ልጅ «ይቺ ከተማ ድሮ ስሟ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ሳቀችና «ፍኖተ ሰላም ነዋ!» አለች። ጥግ ይዘው ጥጥ የሚፈትሉት አያቷ ግን እንዝርታቸውን ሳያቆሙ «ወጀት ነው እንጂ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቡናው በረካ እስኪደርስ እኛ ዝም፣ እሳቸው ተናጋሪ ሆኑ። ውሃ የሚቀዳበትን፣ ገበያው የሚቆምበትን፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላና ማን እንዳስታረቀ አወሩን። ጋዜጠኝነት ተምረናል የምንለው እኛ አንዲት ቃል እንኳን አልቀዳንም። «ተመልሰን እንመጣለን» ብለን ወጣን።

ትልቁን ታሪክማ እናውቀዋለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ፤ በየካቲት የዊንጌት ጦርና አርበኞች ቡሬንና ማንኩሳን ሲያስጨንቁ ጣሊያን ምሽጉን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የከተማዋ ሰዎች እንደሚሉት ወጀትን «ፍኖተ ሰላም» ያሏትም በዚያው ጉዟቸው ነው። ይህ ሁሉ ተጽፏል። ለዚያ ሁሉ ጦር ስንቅ የፈጨችው ሴት ግን የት ተጻፈች? ማንኩሳ ላይ ጥይት ሲንጣጣ ከብቱን ይዞ ወንዝ የተሻገረው እረኛስ?

ሳይጻፍ የቀረ ነገር ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋፋት ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚመጣልን የቴዎድሮስ መድፍ ነው። ጋፋትኛ ግን በዚሁ በዳሞት፣ በዓባይ ዳርቻ የሚነገር ቋንቋ ነበር። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ይዞ ሄደ፤ ጽሑፉ ዛሬ ኦክስፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዎልፍ ሌስላው የተባለው ምሁር አገሩን አስሶ ያገኘው ተናጋሪ አራት ሰው ብቻ ነበር። ቋንቋውን የምናውቀው የውጭ ሰዎች ስለጠየቁ ነው። የጎጃምን ታሪክና ትውልድ የጻፉልን አለቃ ተክለ ኢየሱስም በልጅነታቸው ተማርከው ከሆሮ ጉድሩ የመጡ ናቸው። እኛ የአገሩ ልጆች ምነው መጠየቅ ከበደን?

አንደኛው ምክንያት ስንፍና ነው፤ እንመን። ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። የሰፈር ታሪክ የአርበኛ ብቻ ሳይሆን የባንዳም ታሪክ ነው። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ሳቢያ ሲያምፅ የሸፈተም፣ ሸፋቹን የጠቆመም አለ። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበትና የተቀነሰውን የተቀበለው ዛሬም አጥር ለአጥር ይኖራሉ፤ አንድ እድር ይቀባበራሉ። ዝምታው አብሮ መኖሪያም ነው። ስለዚህ የሰማነውን ሁሉ አደባባይ እናውጣ አንልም። ተናጋሪው «ይቆይ» ካለ ይቆያል። መዝግቦ ማቆየትና መጣል ግን ለየቅል ናቸው።

በስኮትላንድ፣ ሉዊስ በምትባል ደሴት ሰሜን ጫፍ፣ ኔስ የሚባል አካባቢ አለ። ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1977 የታሪክ ማኅበር አቋቁመው የየቤቱን ፎቶ፣ የየመሬቱን ባለይዞታ ስም፣ የሽማግሌዎችን ጨዋታ በገዛ ቋንቋቸው ሰበሰቡ። የነገሥታት ታሪክ አልነበረም፤ የጎረቤት ታሪክ ነው። እኛስ ለማኅበር እንግዳ ነን እንዴ? እድሩ፣ ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ ሞልቶናል። የአንድ እድር ጸሐፊ አሮጌ ደብተር ማን መቼ እንደሞተ፣ መዋጮው ስንት እንደነበር ይነግረናል። ይህን ደብተር በስልክ ፎቶ ማንሳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. «የሰላም መንገድ» በተባለችው ከተማ ላይ የአየር ጥቃት ደርሶ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቁጥሩ በዜና አልፏል። እነዚያ ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር? ከየት ሰፈር ነበሩ? ማንስ «እማማ» ይላቸው ነበር? ይህን የሚያውቅ ጎረቤት ብቻ ነው፤ ጎረቤትም ይሞታል።

ወደዚያች ቡና ቤት ሳንመለስ መንገዱ ተዘጋ። በኋላ በስልክ ስንጠይቅ አያትየው ማረፋቸውን ሰማን። የውሃው ቦታ፣ የገበያው ቦታ፣ የታራቂዎቹ ስም ካእምሯችን ወጥቷል። የቀረን «ወጀት ነው እንጂ» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት።

እናንተ አያት አላችሁ? እንግዲያው ዛሬ ማታ ደውሉ። «ጣሊያን» ወይም «ደርግ» ብላችሁ አትጀምሩ። «እማማ፣ ልጅ ሳለሽ ውሃ ከየት ነበር የምትቀጂው?» በሉ። ከዚያ መቅጃውን ክፈቱና ዝም በሉ።