የፈቃድ ስህተት (ፓኬጅ ሲጫን)

የፈቃድ ስህተት ማለት አንድ ሰው ለፕሮግራም ሥራ የሚያስፈልገውን ፓኬጅ ሲጭን ስርዓተ ክወናው «እዚህ ቦታ መጻፍ አልተፈቀደልህም» ብሎ ሥራውን ሲያቋርጥ የሚወጣ መልእክት ነው። በሊኑክስና በማክ ብዙ ጊዜ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል፤ በዊንዶውስ ደግሞ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» ወይም «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ»። ኖድ የሚማሩ ተማሪዎች በኤንፒኤም፣ ፓይተን የሚማሩ ደግሞ በፒፕ በኩል ይገናኙታል።

ብዙ ጀማሪ ይህን ሲያይ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ወይም ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን ምክንያቱ ፓኬጁ ሊቀመጥ የሞከረበት ፎልደር የሌላ ተጠቃሚ ንብረት መሆኑ ነው። ስለዚህ የተሻለው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ ሥልጣን መጨመር ሳይሆን ፓኬጁን ወደ ራስ ቦታ ማዞር ነው። በዚህ ገጽ የትእዛዞቹ ስም እንደ አነባበባቸው በፊደል ተጽፏል፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

የፈቃድ አሠራር

ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በቤል ላቦራቶሪ ዩኒክስን ሲሠሩ አንድ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ነበር። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያጠፋ እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት ተሰጠው። ሊኑክስና ማክ ይህንኑ ሥርዓት ይዘዋል፤ ላፕቶፑ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆንም ቢያንስ ሁለት ተጠቃሚ አለው፦ ሰውየውና «ሩት» የሚባለው አስተዳዳሪ።

የተከራይ ግቢን ማሰብ ይጠቅማል። ተከራይ በራሱ ክፍል ውስጥ አልጋውን እንደፈለገ ያዞራል፤ በአከራዩ ሳሎን ግን አይችልም። የተጠቃሚው ክፍል «ሆም» የሚባለው ፎልደር ነው። «ዩኤስአር» እና «ኢቲሲ» የሚባሉት የአከራዩ ናቸው።

ፈቃዱ ለሦስት ወገን ተለይቶ ይመዘገባል፦ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ሁሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው ይደመራሉ። ስለዚህ 755 ማለት ባለቤቱ ሁሉንም ይችላል (7)፣ ሌሎቹ ያነባሉ ያስኬዳሉም (5) ማለት ነው። 644 ደግሞ ለተራ ፋይል የተለመደው ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ፋይል መፍጠርና መሰረዝ የሚወሰነው በፋይሉ ፈቃድ ሳይሆን ፋይሉ ባለበት ፎልደር ፈቃድ ነው። ፋይሉ የራስ ሆኖ ሳለ «መሰረዝ አይቻልም» የሚባለው ለዚህ ነው።

መልእክቱን ማንበብ

ስህተቱ ሲወጣ ተርሚናሉ በብዙ መስመር ይሞላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ የተከለከለው ፎልደር አድራሻና የስህተቱ ዓይነት። አድራሻው በ«ዩኤስአር» የሚጀምር ከሆነ መጫኛው የአስተዳዳሪውን ቦታ ነክቷል። በ«ሆም» ሥር ሆኖ ከተከለከለ ግን የባሰ ጥያቄ ይነሳል፦ የራሴ ክፍል ውስጥ ያለ ዕቃ እንዴት የሌላ ሰው ሆነ? መልሱ ብዙ ጊዜ ቀደም ሲል በሱዶ የተሠራ ሥራ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ በሊኑክስ ቁጥር 13 ተራ የፈቃድ ክልከላ ነው። ቁጥር 1 ድርጊቱ ራሱ በዚያ ቦታ አይቻልም ማለት ነው። ቁጥር 30 ዲስኩ ለንባብ ብቻ ተከፍቷል፣ ቁጥር 28 ደግሞ ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈቃድ ችግር ስላልሆኑ ፈቃድ በመቀያየር አይፈቱም።

«ሁ-አም-አይ» የሚለው ትእዛዝ አሁን የገባው ተጠቃሚ ማን እንደሆነ ይናገራል። «ኤል-ኤስ» ከሰረዝ ኤል ጋር ሲጻፍ የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤትና ፈቃድ ያሳያል። ሁለቱ ስሞች ካልተመሳሰሉ ምክንያቱ ተገኘ።

ሱዶና ያመጣው ጣጣ

ሱዶ አንድን ትእዛዝ በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ከትእዛዙ ፊት ሲጨመር ስህተቱ ወዲያው ስለሚጠፋ ጓደኛ ለጓደኛ የሚያስተላልፈው የመጀመሪያ ምክር እሱ ነው። ክፋቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። በሱዶ የተጫነ ፓኬጅ የሚጽፋቸው ፋይሎች የሩት ንብረት ስለሚሆኑ በሚቀጥለው ቀን ያለ ሱዶ መሥራት አይቻልም። እንደገና ሱዶ ይጨመራል፣ እንደገና የሩት ፋይል ይበዛል።

ኤንፒኤም ራሱ በዚህ ተቸግሯል። የድሮ እትሞቹ «ሆም» ውስጥ ባለው መሸጎጫ ፎልደር የሩት ፋይሎችን ትተው ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ የወጡት እትሞች ችግሩን ሲያገኙ የባለቤትነት ማስተካከያውን ትእዛዝ በመልእክቱ ውስጥ ጽፈው ያቀርባሉ። ትእዛዙ «ቻውን» ይባላል፤ የፎልደሩን ባለቤት ወደ ተጠቃሚው ይመልሳል። ሱዶ በቦታው የሚገባው እዚህ ነው፦ የራስን ንብረት ለማስመለስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

በሱዶ መጫን ምን ሊያደርስ እንደሚችል በሰፊው የታየው በየካቲት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) ነው። የወጣው የኤንፒኤም 5.7.0 እትም የፎልደር ባለቤትነትን በትክክል ለመያዝ ታስቦ የገባ ኮድ ነበረው። በሱዶ ሲሄድ ግን ያ ኮድ እንደ «ኢቲሲ» እና «ዩኤስአር» ያሉ የስርዓቱን ፎልደሮች ባለቤት ቀየረ። ሰርቨሮቻቸው የተበላሹባቸው ሰዎች አቤቱታ ወዲያው ጎረፈ፤ ማስተካከያው 5.7.1 በማግስቱ ወጣ። ያለ ሱዶ የጫኑ ሰዎች ምንም አልሆኑም፤ ስህተት ያለበት ኮድም ቢሆን ያልተሰጠውን ሥልጣን ሊጠቀም አይችልም።

ሁለተኛው አደጋ ክፉ ፓኬጅ ነው። ብዙ ፓኬጆች ሲጫኑ በራሳቸው የሚሄድ ትንሽ ፕሮግራም ይዘው ይመጣሉ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) በሳምንት በሚሊዮኖች ጊዜ የሚወርደው «ዩኤ-ፓርሰር-ጄኤስ» የተባለ ፓኬጅ የአዘጋጁ አካውንት ተሰርቆ፣ ክሪፕቶ ማዕድን የሚቆፍርና በዊንዶውስ ላይ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ኮድ ገብቶበት ተሰራጭቷል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በተራ ተጠቃሚ ስም ቢሄድም ይጎዳል፤ በአስተዳዳሪ ስም ሲሄድ ግን የማይደርስበት ቦታ የለም።

777

ከሱዶ ቀጥሎ የተለመደው ምክር «ቺሞድ 777» ነው። ለሁሉም ሁሉንም ፍቀድ ማለት ነው። በአንድ ፕሮጀክት ፎልደር ላይ ቢደረግ ጥሩ ባይሆንም ይታለፋል። «ዩኤስአር» ላይ ከነውስጡ ከተደረገ ግን ሱዶ ራሱ ይሞታል። የሱዶ ፋይል በአስተዳዳሪ ስም እንዲሄድ የሚያደርግ ልዩ ምልክት አለው፤ 777 ያንን ምልክት ያጠፋዋል። ስህተቱን ለማረም ሱዶ ያስፈልጋል፣ ሱዶ ደግሞ አይሠራም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በማገገሚያ ሁነታ ወይም በፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ መግባት ነው፤ ብዙ ሰው ደክሞት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጭናል። «ሆም» ላይ ከነውስጡ ቢደረግ ደግሞ ኤስኤስኤች የግል ቁልፉ ለሌላ ሰው ክፍት ነው ብሎ አልቀበልም ስለሚል፣ በእሱ በኩል ወደ ጊትሀብ ኮድ መላክ ይቆማል።

ለኖድ

የኤንፒኤም ይፋ መመሪያ የሚመክረው ኖድን በእትም አስተዳዳሪ በኩል መጫን ነው። ታዋቂው «ኤንቪኤም» ነው። ኖድንም ፓኬጆቹንም «ሆም» ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ሱዶ አይጠየቅም። ሌላው መንገድ ለመላው ኮምፒውተር የሚጫኑ ፓኬጆች የሚቀመጡበትን አድራሻ፣ «ፕሪፊክስ» የሚባለውን፣ «ሆም» ውስጥ ወዳለ ፎልደር መቀየርና ያንን ፎልደር «ፓዝ» ላይ መጨመር ነው። እንዲያውም ብዙው ፓኬጅ ለመላው ኮምፒውተር መጫን አያስፈልገውም፤ በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ሲጫን የፈቃድ ጥያቄ አይነሳም።

ለፓይተን

ፒፕ ከ20.0 እትም (እ.ኤ.አ. ጥር 2020) ወዲህ የስርዓቱ ቦታ ሲከለከል በራሱ ወደ ተጠቃሚው ፎልደር ይዞራል። በኋላ ግን አዲስ ክልከላ መጣ። ዴቢያን 12 እና ኡቡንቱ ከ23.04 ጀምሮ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት» የሚል መልእክት ያወጣሉ። ይህ የፋይል ፈቃድ አይደለም፤ ኡቡንቱ ራሱ የሚጠቀምባቸው ብዙ መሣሪያዎች በፓይተን የተጻፉ ስለሆኑ ፒፕ እንዳያበላሻቸው የተደረገ አጥር ነው። አጥሩን የሚያስዘልለው አማራጭ ስሙ «የስርዓቱን ፓኬጆች ስበር» የሚል ትርጉም አለው፤ ስሙ የተሰጠው ሰው ደግሞ እንዲያስብበት ነው።

ትክክለኛው መንገድ «ቬንቭ» የሚባለው ምናባዊ አካባቢ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱ የፓይተን ክፍል ይፈጠርለታል። ቬንቭ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ አይዛወርም፤ በውስጡ ያሉት ፋይሎች የተፈጠሩበትን ሙሉ አድራሻ ይዘዋል።

አፕት

አፕት ለመላው ኮምፒውተር ስለሚጭን ሱዶ መጠየቁ ትክክል ነው። እዚህ ሁለት መልእክቶች ይምታታሉ። ቁጥር 13 ይዞ «አር ዩ ሩት» ብሎ ከጠየቀ ሱዶ ተረስቷል። ቁጥር 11 ከሆነ ግን ሌላ ፕሮግራም፣ ብዙ ጊዜ ራሱ የሚያሻሽለው አገልግሎት፣ ቁልፉን ይዟል፤ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። የቁልፉን ፋይል መሰረዝ በየቦታው ይመከራል፣ ግን በመካከል ያለ ጭነትን ሊያበላሽ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ጭነቱ ከተቋረጠ «ዲፒኬጂ» የተባለው መሣሪያ በ«ኮንፊገር» አማራጩ የቀረውን ያስጨርሳል፤ የወረደው እንደገና አይወርድም።

በዊንዶውስ

በዊንዶውስ ላይ «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ሲመጣ ፋይሉን የያዘው ሌላ ፕሮግራም መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ይበጃል። የኮድ መጻፊያው ወይም የሚሄደው ሰርቨር ሲዘጋ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ጸረ ቫይረስም አዲስ የተጻፉ ፋይሎችን ሲመረምር እንዲሁ ይይዛል።

በፓወርሼል ኤንፒኤም ሲጠራ «ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል» ከተባለ ችግሩ የፓወርሼል የማስኬጃ ደንብ ነው። ለአሁኑ ተጠቃሚ ብቻ «ሪሞት ሳይንድ» ወደሚለው ደረጃ ይቀየራል፤ ወይም በተራው ኮማንድ ፕሮምፕት መሥራት ይቻላል። ሌላ የእኛ አገር ተማሪን የሚነካ ነገር አለ። ዊንዶውስ ሲጫን የራስንና የአባትን ስም በክፍት ቦታ ለይቶ የጻፈ ሰው የተጠቃሚ ፎልደሩም በዚያው ስም ይሰየማል። አንዳንድ የኤንፒኤም እትሞች አድራሻውን ክፍት ቦታው ላይ ስለሚቆርጡት በግማሽ ስም ፎልደር ለመፍጠር ይሞክሩና ይከለከላሉ። መሸጎጫውን ክፍት ቦታ ወደሌለው አድራሻ ማዛወር ይፈታዋል።

ፍላሽ፣ ስልክና የጋራ ኮምፒውተር

ሻሸመኔ፣ አዳማ ወይም ሀዋሳ ያለ ተማሪ ፓኬጅ የሚያወርደው ሁልጊዜ በራሱ ላፕቶፕ አይደለም። ኢንተርኔት ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ አውርዶ በፍላሽ ይዞ የሚሄድ ብዙ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በኩል ወደ ዘርፉ የገባ ጀማሪም እንዲሁ የጋራ ኮምፒውተር ሊጠቀም ይችላል። በሌሎች አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ሁኔታ እምብዛም አያነሱትም።

ፍላሽ ብዙውን ጊዜ የሚቀረጸው በ«ፋት32» ወይም በ«ኤክስፋት» ነው። እነዚህ የሊኑክስን ባለቤትና ፈቃድ አይመዘግቡም፤ ቺሞድ ቢታዘዝም አይጸናም። አቋራጭ አገናኝ (ሲምሊንክ) መፍጠርም አይቻልም። ኤንፒኤምም ቬንቭም በሊኑክስ ላይ ይህን አገናኝ ስለሚፈልጉ ፍላሹ ላይ ሲሞከሩ በቁጥር 1 ይወድቃሉ፤ ሱዶ ቢጨመርም ያው ነው። ፕሮጀክቱን ወደ «ሆም» ገልብጦ እዚያ መጫን ያስፈልጋል። የአንድሮይድ ስልክ የጋራ ማከማቻም ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ በተርመክስ የሚሠራ ሰው በመተግበሪያው የራሱ «ሆም» ውስጥ ቢጭን ይሠራለታል።

ዊንዶውስና ኡቡንቱን ጎን ለጎን የጫነ ሰው ደግሞ የዊንዶውሱ ዲስክ ለንባብ ብቻ ሆኖበት ቁጥር 30 ሊያይ ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ በ«ፋስት ስታርትአፕ» ምክንያት ሙሉ በሙሉ አለመዘጋቱ ነው። ያንን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መዝጋት ይበቃል።

ዳታ ለመቆጠብ ፒፕ «ዳውንሎድ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ፓኬጁን ከነጥገኞቹ ሳይጭን ወደ ፎልደር ያወርዳል። ያ ፎልደር በፍላሽ ተወስዶ «ኖ-ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ-ሊንክስ» በሚሉት አማራጮች ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። የሁለቱ ኮምፒውተሮች ስርዓተ ክወናና የፓይተን እትም መመሳሰል አለባቸው። የተጫነ የኖድ ፎልደርን ከሊኑክስ ወደ ሊኑክስ መውሰድ ካስፈለገ በ«ታር» አሽጎ መውሰድ ይሻላል፤ ታር ፈቃዱንና አገናኞቹን በውስጡ ስለሚይዝ ፍላሹ ምንም ዓይነት ቢሆን አይጠፉም። ጥቅሉ ግን ፍላሹ ላይ ሳይሆን «ሆም» ውስጥ ይፈታል።

የሱዶ የይለፍ ቃል በማይሰጥበት የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ኤንቪኤም ያለ አስተዳዳሪ ይጫናል። ቬንቭ ግን በኡቡንቱ ላይ ለብቻው የሚጫን የአፕት ፓኬጅ ስለሚያስፈልገው፣ ከሌለ የላብራቶሪውን ኃላፊ አንድ ጊዜ እንዲጭነው መጠየቅ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አካባቢ በራሱ «ሆም» ይፈጥራል።