ራጅ ሳያየው ያወቀው ዕጢ

ከአንጎል ሥር፣ ከሁለቱ ዓይኖች ኋላ፣ በራስ ቅል ወለል እኩሌታ ላይ፣ ሊቃውንተ ሕክምና ከጥንት ጀምረው የቱርክ ኮርቻ የሚሏት ትንሽ የአጥንት ጎድጓዳ አለች፤ በውስጧም ክብደቱ ከግማሽ ግራም እምብዛም የማይርቅ፣ ነገር ግን የሰውን ቁመት፣ የማሕፀንን ፍሬያማነት፣ የእናትን ወተትና የአያሌ ዕጢዎችን ሥራ የሚያዝዝ ፒቱታሪ የተባለ ዕጢ ተቀምጧል። መጠኑ እንዲህ ያነሰ፣ ሥልጣኑ እንዲህ የሰፋ፣ ማደሪያውም እንዲህ የተሰወረ ስለሆነ፣ በሕያው ሰው ራስ ውስጥ የሚደርስበትን ነገር አይቶ ለማወቅ እስከ 19ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ ድረስ መንገድ አልነበረም። ፒየር ማሪ በ1886 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ሆኖ እጅና እግር፣ አፍንጫና መንጋጋ ያለ ልክ የሚገዝፉበትን ደዌ አክሮሜጋሊ ብሎ በሰየመ ጊዜ እንኳ፣ የዕጢው ማበጥ የሚረጋገጠው ሕመምተኛው ካረፈና አስከሬኑ ከተመረመረ በኋላ ነበር።

ይህ ነገር መለወጥ የጀመረው ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርትስቡርግ ከተማ ያን ስውር ጨረር ባገኘ ጊዜ ነው። ወሬው በጥቂት ሳምንታት ዓለምን አዳረሰ፤ ዓመትም ሳይሞላው፣ በሜይ 1896፣ ከእኛ ሀገር ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች በናፖሊ የጦር ሆስፒታል ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት በራጅ ተፈልጎላቸዋል፤ ራጅ ለጦር ቁስለኛ ከዋለባቸው ከመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ከአድዋው ዘመን ጋር የተያያዘ መሆኑን ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ክንድ ግን ራስ አይደለም። የዚያ ዘመን ደካማ መሣሪያ ወፍራሙን የራስ ቅል አልፎ ሥዕል እንዲያትም ረጅም ጊዜ ማብራት ያስፈልግ ነበር፤ የዚህንም ዋጋ ማንም አስቀድሞ አላወቀውም። በዚያው በ1896 በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ፣ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ መምህር ጆን ዳንኤል፣ ራሱን በጥይት የተመታ አንድ ሕፃን ለመመርመር ሲዘጋጅ፣ የባልደረባውን የዊልያም ዳድሊን ራስ ለአንድ ሰዓት ያህል በጨረሩ ፊት ቢያቆየው፣ ከ21 ቀን በኋላ ጨረሩ ካረፈበት ስፍራ ጠጉሩ ረገፈ። ነገሩን በጊዜው እንደ ጉድ አወሩት እንጂ እንደ ማስጠንቀቂያ የቈጠረው ጥቂት ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስንት የራጅ ሐኪም ጣቱንና ሕይወቱን እንደ ከፈለ፣ በ1931 በጨረር ጉዳት የሞተው የቪየናው ጊዶ ሆልትስክኔሽት ምስክር ነው።

በ1899 የበርሊኑ የነርቭ ሐኪም ሄርማን ኦፔንሃይም በሕያው ሕመምተኛ ራጅ ላይ ኮርቻይቱ ሰፍታ መታየቷን አስረዳ። የዚህን ነገር ጠባይ ልብ ማለት ይገባል፤ ጨረሩ ዕጢውን አላየውም፣ ወደፊትም በተራ ሥዕል ሊያየው አይችልም ነበር፤ ለስላሳ ሥጋ ከአንጎሉ ሳይለይ በሥዕሉ ላይ ይሰወራልና። የታየው አጥንቱ ነው፤ ዕጢው እየገዘፈ ሲሄድ የገፋው ግድግዳና ያጐደጐደው ወለል ነው። ከ70 ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ ጥበብ እንግዲህ የነዋሪውን ሁኔታ ከቤቱ መፍረስ የመተርጐም ጥበብ ነበር።

ትርጓሜውን በሥርዓት ያቆመው አርቱር ሹለር ነው። በብርኖ ከተማ በ1874 የተወለደው ይህ ሊቅ በቪየና ተምሮ፣ በሆልትስክኔሽት ዘንድ ራጅን ተለማምዶ፣ በ1905 ስለ ራስ ቅል ወለል ብቻ፣ በ1912 ደግሞ ስለ ራስ ደዌያት ሁሉ በራጅ መርምሮ ያወጣቸው መጻሕፍት ከዚያ በፊት የጥላ ክምር ይመስል የነበረውን ሥዕል ፊደሉ እንደ ታወቀ ገጽ አደረጉት። ሥራው ቀላል አልነበረም። ራስን ከጎን ሲያነሡት ግራና ቀኝ በአንድ ሥዕል ላይ ይደራረባሉ፤ ሕመምተኛው ራሱን ጥቂት ቢያዘነብል የኮርቻይቱ ወለል ሁለት መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ያም ወለሉን በአንድ ወገን የበላ ዕባጭ ካመጣው ምልክት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ የሐኪሙ ብያኔ ያለ ስም በሚቀረው በራጅ አንሺው ጥንቃቄ ላይ የቆመ ነበር፤ በስቶክሆልም ኤሪክ ሊስሆልም ለራስ ቅል ብቻ የተሠራ ልዩ ጠረጴዛ ማዘጋጀቱም ስለዚሁ ነው። ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ሹለር አይሁዳዊ ስለ ነበረ ሀገሩን ጥሎ ሜልበርን ገባ፤ ሁለት ልጆቹ በናዚዎች እጅ ጠፉ፤ እርሱም በ1957 በዚያው በአውስትራልያ አረፈ። የቀዶ ጠጋኙን የሃርቬ ኩሺንግን ስም የሕክምና ተማሪ ሁሉ ሲያነሣው የሹለር ስም እምብዛም አለመነሣቱ በእኔ አስተያየት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ቀዶ ጠጋኞቹ የተነሡት ይህን ሥዕል በእጃቸው ይዘው ነውና። ሄርማን ሽሎፈር በ1907 በኢንስብሩክ በአፍንጫ በኩል ወደ ዕጢው ደረሰ፤ ኦስካር ሂርሽ በቪየና መንገዱን አቃለለ፤ ሃርቬ ኩሺንግም በ1912 ስለ ፒቱታሪ ዐቢይ መጽሐፉን አወጣ። በአፍንጫ ለሚሄድ ሰው ኮርቻይቱ ወደ የት እንደ ሰፋች፣ ከፊቷ ያለው የአየር ክፍተትም ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ የሞትና የሕይወት ነገር ነበር።

ነገር ግን አጥንት ዘግይቶ የሚመሰክር፣ አልፎ አልፎም የሚያስት ምስክር ነው። ኮርቻይቱ ከፊት ወደ ኋላ ከ16 ሚሊሜትር፣ በጥልቀትም ከ12 ብዙ ካላለፈች ደኅና ናት ይባል ነበር፤ በ1962 ዲ ኪሮና ኔልሰን ርዝመቷን፣ ወርዷንና ጥልቀቷን አባዝቶ ለሁለት በመክፈል ይዘቷን የሚገምት ስሌት አቀረቡ። ይሁን እንጂ ገና ትንሽ የሆነ ዕባጭ ግድግዳውን ሳይነካ ሰውን ያሳምማል፤ ኩሺንግ በ1932 የገለጠውን ደዌ የሚያመጡት ዕባጮች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። በአንጻሩ ኮርቻይቱ ሰፍታ ሳለች ውስጧ የአንጎል ውሃ ብቻ ሞልቶ፣ ዕጢው ወለሉ ላይ ተደፍጥጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በ1970ዎቹ ወለሉን በስስ በስሱ እየከፈሉ በማንሣት ጥቃቅኑን ዕባጭ እናገኛለን ያሉት ሐኪሞች፣ የጤነኛ ሰው ወለልም እንዲሁ ያልተስተካከለ መሆኑን ሲያዩ ተስፋቸው ቀነሰ።

ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የጎድፍሬ ሃውንስፊልድ የሲቲ ስካን መሣሪያ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ራስ አነሣ፤ ቀጥሎም ኤምአርአይ መጥቶ ዕጢውን ራሱን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ለፒቱታሪ ብሎ ተራ የራስ ቅል ራጅ የሚያዝ ሐኪም ጥቂት ነው። ኮርቻይቱን ዛሬም ዕለት ዕለት በራጅ የሚመለከታት ሌላ ባለሙያ ነው፦ ጥርስና መንጋጋ የሚያስተካክለው ሐኪም በ1931 ብሮድበንትና ሆፍራት በየሀገራቸው ባወጡት ሥርዓት መሠረት መሐሏን ነጥብ አድርጎ፣ ከእርስዋ እስከ አፍንጫ ሥር በተሰመረው መስመር የፊትን እድገት ይለካል፤ ጥርሱን ሊያቃና በመጣ ወጣት ራጅ ላይ ከልክ በላይ ሰፍታ ካገኛትም፣ ወደ ዕጢ ሐኪም የሚላከውን ደብዳቤ የሚጽፈው እርሱ ነው።