«ደግ» የተባለው የራስ ቅል ግፊት

ሐኪሞች መንስኤው ያልተገኘለትን በሽታ «ኢዲዮፓቲክ» ይሉታል። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ «ኢዲዮስ» የራስ፣ የግል ማለት ሲሆን «ፓቶስ» ደግሞ ሕመም፣ መከራ ነው። የግእዙ «ሕማም»ም እንዲሁ በሽታንም የክርስቶስን መከራም ይጠራል፤ ሰሙነ ሕማማት የምንለው በዚሁ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን «ኢዲዮፓቴያ» ሲል፣ ሕመሙ ከሌላ አካል አልተላለፈም፣ እዚያው በቦታው ተነሣ ማለቱ ነበር። ኋላ ግን ቃሉ «ከየት እንደመጣ አይታወቅም» ወደሚል ፍች ዞረ።

በራስ ቅል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ የሚጨምርበት ሕመም ይህን ቅጽል ከማግኘቱ በፊት ሌሎች ስሞች ነበሩት። ጀርመናዊው ሐኪም ማክስ ኖነ እ.ኤ.አ. በ1904 «ፕስዩዶቱሞር ሴሬብሪ» አለው፤ «ሐሰተኛ የአንጎል እጢ» እንደማለት። ራስ ምታቱም የዓይን መደብዘዙም የእጢ ምልክት ይመስላል፤ እጢው ግን የለም።

በ1955 ሐኪሙ ጆን ፎሊ «ቢናይን» የሚለውን ቅጽል ሰጠው። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ቤኔ» መልካም ማለት ነው፤ «ቤኒግኑስ» ደግሞ በተፈጥሮው መልካም፣ ደግ የሆነ። እጢ ስላልሆነና ስለማይገድል ብቻ ደግ ማለት ግን ትልቅ ስሕተት ነበር። በ1982 ሐኪሙ ጄምስ ኮርቤትና ባልደረቦቹ 57 ሕሙማንን፣ አንዳንዶቹን እስከ 41 ዓመት ተከታትለው፣ ከመካከላቸው የዓይን ብርሃናቸው ክፉኛ የተጎዳ እንዳለ አሳዩ። ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ደግ ተብሎ መጠራቱ ዛሬም ያሳዝነኛል። ቅጽሉም እየተተወ በ«ኢዲዮፓቲክ» ተተካ።

በአማርኛ «ግፊት አለብኝ» ስንል የደም ግፊትን ነው የምናስበው። የራስ ቅሉ ግፊት ግን ሌላ ነው። «ግፊት» ከ«ገፋ» ይወጣል፤ በግእዝ «ገፍዐ» በደለ፣ አስጨነቀ ማለት ነው፤ «ግፍ»ና «ግፉዕ» ዘመዶቹ ናቸው። በራስ ቅል ውስጥ የሚገፋው ፈሳሹ ነው፤ የሚገፋው ደግሞ የዓይን ነርቭን ነው። ግፊቱ በወገብ በኩል በመርፌ ሲለካ በአዋቂ ሰው ከ25 ሴንቲ ሜትር ውሃ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል።

«ያልታወቀ» የሚለው ስምም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። በሽታው በአብዛኛው የሚታየው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባሉና ክብደት በጨመሩ ሴቶች ነው፤ ክብደት ሲቀንስም ግፊቱ ይረግባል። ቴትራሳይክሊንን የመሰሉ መድኃኒቶችና ከልክ ያለፈ ቫይታሚን «ኤ»ም ተመሳሳይ ሕመም ያስነሣሉ። ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር የሚመላለስባት ሴት ግን የስሙን ክርክር መጠበቅ የለባትም፤ የዓይኗን ጀርባ በቶሎ ትታይ።