ብናኝ ማዕድን ቅመም፦ ስለ አንድ የዘይት ስም

“ግጭትን እና መልበስን ይቀንሳል።” ይህን ያነበብሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አንድ የናፍጣ ወፍጮ ቤት ውስጥ በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ላይ ነው። ከበላዩ በደማቅ ፊደል “ናኖ ማዕድን ቅንጣት ተጨማሪ” ይላል። ባለ ወፍጮው ከገዟት ወር አልፏል፤ ክዳኗ ግን አልተነካም።

“አንተ ተምረሃል፣ ልጄ፤ እስቲ ንገረኝ” አሉኝ። “ግጭት ያለው የመኪናውን ነው? ወፍጮስ ምን ይለብሳል?”

ያናደደኝ ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑ ነው። በአማርኛ ግጭት ማለት መኪና ከመኪና ሲላተም፣ ሰው ከሰው ሲጣላ ነው። የሚለበሰው ጋቢ ነው፣ ኩታ ነው። እንግሊዝኛ ልብስ መልበስንና የብረት መበላትን በአንድ ቃል ይጠራል፤ ተርጓሚው፣ ሰውም ይሁን ማሽን፣ ልብሱን አነሳና ብረቱን ተወው። አሁን ይኸው አባባል ከማሸጊያ ወደ ማሸጊያ እየተገለበጠ ነው።

ዕቃው ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ዛሬ የምንገዛው የሞተር ዘይት ዘይት ብቻ አይደለም፤ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት የመበላት መከላከያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲገባበት ኖሯል። አዲሱ ነገር እንደ ሰርፐንታይን፣ ታልክና ካኦሊን ያሉ ማዕድናት ከ100 ናኖሜትር በታች እስኪሆኑ ደቀው መግባታቸው ነው። አንዲት የሰው ፀጉር ወደ 80,000 ናኖሜትር ትወፍራለች። እነዚህ ማዕድናት ንብርብር ናቸው፤ አንዱ ንብር በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ብረቱ ላይ ያለውን ጭረት ይሞላሉ፣ ሙቀትና ጫና ሲበረታም ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ካኦሊን ለአገሩ ሰው ሩቅ አይደለም፤ የደብረ ታቦር አካባቢ ነጭ አፈር በጂኦሎጂ ባለሙያዎች ተጠንቷል። ጉዳዬ ግን ስሙ ነው።

“መልበስ” ለተባለው ቃል ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ጋራዥ የገባ ሁሉ ሰምቶታል፤ ጎማው ተበላ፣ ብሮንዚኑ ተበላ፣ የፍሬን ሸራው ተበላ ይባላል። መካኒኮቻችን ይህን ስም ማንም ሳያዛቸው አውጥተው እየሠሩበት ነው። መበላት ይባል።

ለ“ግጭት” ምትክ የሚፎካከሩት ሁለት ናቸው፤ ሰበቃና ፍትጊያ። ሰበቃ እንጨት በእንጨት ሰብቆ እሳት ከማውጣት የመጣ ነው፤ ሙቀቱን ያያል። ፍትጊያ የሙቀጫ ልጅ ነው። ከጉና ግርጌ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ ደጋ፣ የገብስ ገለባ እንዴት እንደሚለቅ ለማንም አይነገርም፤ ተወቅጦ፣ ተፈትጎ ነው። ፍትጊያ ተላጦ የሚወጣውን ያያል። ሞተር ላይ ሁለቱም ይደርሳሉ። የፊዚክስ መምህራን ሰበቃን ይዘው ይቀጥሉ፤ ለዘይት ጠርሙስ ግን እኔ ፍትጊያን እመርጣለሁ። ባለ ወፍጮው ያገለገለ ዘይት በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሽተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ ከብረቱ ተፈትጎ የወጣ ነገር ይኖር እንደሆነ። ይህ አገርማ ፍትጊያን በትከሻው ያውቀዋል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት አድርገው፣ በጨጨሆ አልፈው ነው፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት።

“ተጨማሪ” የሚለው ጉዳት ያመጣል ብዬ እሰጋለሁ። ተጨማሪ ዘይት ሲባል የሚገባን ለጎደለ መሙያ ነው፤ ሾፌሩ ጠርሙሱን እስከ ጠብታው ቢገለብጠው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ይህ ዕቃ በመጠን ነው የሚሠራው፤ በቤተ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚፈተነው ከመቶ አንድ እጅ ባልራቀ ልክ ነው። ሲበዛ ይቋጠርና ራሱ ፈታጊ ይሆናል። በቁንጥር ገብቶ ድስቱን ሁሉ የሚለውጥን ነገር አማርኛ ቅመም ይለዋል። ቅመም የወጥ ነው የሚሉኝ አሉ፤ መድኃኒት የሚያዘጋጀውን ባለሙያ ቀማሚ ያልነው ግን ወጥ ስለሚሠራ አይደለም። ቀመመ ማለት መጥኖ አዋሐደ ማለት ነው፤ የዘይት ፋብሪካ የሚሠራውም ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ “ናኖ ቅንጣት” ነበር። ቅንጣት አንዲት ፍሬ ናት፤ የጤፍ ቅንጣት እንላለን፣ በዓይን ትለያለች። ደቂቅን በጣም እወደዋለሁ። ደቀቀ ብሎ ዱቄትንም የወለደ፣ በግዕዝ ልጆችንም የሚጠራ ሥር ነው። ነገር ግን ደቂቅ ዘአካላት ብለን ለረቂቅ ተሕዋስያን ሰጥተነዋል፤ እነሱ ደግሞ ከዚህ ዕቃ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ልም የሚለውም ፈተነኝ። ልም ዱቄት ጣት ላይ ሲያርፍ ያለው ልስላሴ ደስ ይላል፤ ግን ልምነት በጣት የሚታወቅ ነው፣ ይህ ጣት አያውቀውም።

ብናኝ ላይ የቆምሁት ለዚህ ነው። በነነ ማለት ቀልሎ ተነሣ፣ አልቀመጥ አለ ማለት ነው። በር ገርበብ ሲል በገባችው የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ነው፤ ወፍጮ ቤት የቆመ ሰው ሽፋሽፍቱ ላይ ይዞት ይወጣል። የዚህ ሥራ ተመራማሪዎች ትልቁ ራስ ምታት ደግሞ ማዕድኑ ዘይቱ ውስጥ ተንሳፎ እንዲቆይ ማድረግ ነው። እንደ ኦሌይክ አሲድ ባለ ነገር ካልለበጡት እርስ በርሱ ይያያዛል፣ እንደ ጠላ አተላ ከታች ይዘቅጣል። ከዘቀጠ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ብናኝ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የሚፈለግበትንም ጠባይ ይናገራል፤ “ናኖ” ግን በግሪክኛ ድንክ ማለት ነው፤ ከማነስ በቀር የሚለው የለም።

የድንጋይ ብናኝ ለምን አላልሁም? ሞክሬዋለሁ። ባለ ወፍጮው ፊታቸው ተለወጠ፤ “ድንጋይ ዘይት ውስጥ?” አሉ። ትክክል ናቸው። ወፍጮ በተወቀረ ማግስት ዱቄቱ ጥርስ ላይ የሚያንቀጫቅጨውን ያውቁታል፤ አሸዋ የገባበት ኩሽኔታ ምን እንደሚሆንም አይተዋል። አሸዋ ጠንካራና ትልቅ ነው፤ ታልክ ግን በጥፍር ይጫራል። ይህን ልዩነት “ማዕድን” ይሸከመዋል፣ “ድንጋይ” አይሸከመውም።

ባዕድ ቃል ሁሉ ይውጣ የምል አይደለሁም። ኩሽኔታም፣ ግራሶም፣ ፊልትሮም ከጣሊያን መጥተው የእኛ ሆነዋል፤ በስማቸው ስለመጡ ማንንም አላሳሳቱም። እኔን የሚያመኝ አማርኛ መስሎ ገብቶ ሌላ ነገር የሚናገረው ነው። “ግጭት” እና “መልበስ” ባለ ወፍጮውን የገዛ ቋንቋቸው እንዳልገባቸው አድርገው አስቆጠሯቸው። የሳቱት ግን እሳቸው አልነበሩም።

ከመሄዴ በፊት ከደብተሬ ቁራጭ ወረቀት ቀድጄ “ብናኝ ማዕድን ቅመም፤ ፍትጊያንና መበላትን ይቀንሳል” ብዬ ጻፍሁና በፕላስተር ጠርሙሷ ላይ ለጠፍሁት። በዱቄት የነጣ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠርገው ተቀበሉኝ። ቀስ እያሉ አነበቡ። ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞር አሉና፣

“ታዲያ ለዚህ ለሞተሬ ስንት ይበቃዋል?” አሉኝ።