የጭቃ ግድግዳና የሕፃናት ሳንባ፦ ሻጋታ በአዲስ አበባ ቤቶች ታሪክ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ እየሰፋች ስትሄድ የአብዛኛው ነዋሪዋ መጠለያ ጭቃ ቤት ነበር። የዚህ ቤት አጥንት ቋሚና ማገር ሲሆን፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። አሠራሩ ርካሽና ለደጋው ብርድ የሚስማማ ቢሆንም፣ ክረምቱ በሚበረታበት ከተማ ያለ ድንጋይ መሠረት የቆመ ግድግዳ ከምድር ውሃ እየመጠጠ ይረጥባል። ሻጋታ፣ ማለትም በእርጥብ ነገር ላይ የሚበቅልና ዘር መሰል ረቂቅ ብናኝ በአየር የሚበትን የፈንገስ ዓይነት፣ እንዲህ ባለው ቤት ቀለብ አያጣም፤ ጭዱም፣ እንጨቱም፣ በግድግዳው ላይ ከዱቄት በተሠራ ሙጫ የተለጠፈው ጋዜጣም፣ የአቡጀዲው ኮርኒስም ይመግቡታል።

ቀደም ሲል በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ የምድጃው ጭስ በክዳኑ እየሰረገ ሲወጣ እንጨቱንና ሣሩን ያደርቅ ነበር፤ ጭሱ ራሱ ግን ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ መግባቱ የከባድ ሸቀጥን ጉዞ ካቀለለ በኋላ ቆርቆሮ የከተማዋ የተለመደ ክዳን እየሆነ ሄደ። ቆርቆሮ ዝናብን ቢመክትም ሌሊት ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ፣ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ከሥሩ ወደ ጠብታ እየተለወጠ ኮርኒሱን ያረጥበዋል።

በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። አዋጁ ያደረገው የኪራይ ቅነሳ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ እፎይታ ሰጠ፤ ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና ስለማይበቃ፣ ተከራዩም የእኔ በማይለው ግድግዳ ላይ ጥሪቱን ማፍሰስ ስለሚፈራ፣ በየበጋው መመረግ የሚገባው ቤት ሳይታደስ አረጀ።

እንዲህ ባለው ቤት የሚበቅለው ሻጋታ ጉዳት ከሁሉ ቀድሞ የሚያርፈው በሕፃናት ላይ ነው፤ የአየር ቧንቧቸው ጠባብ ከመሆኑም በላይ ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ ይልቅ ብዙ አየር ይስባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከአስም፣ ማለትም የአየር ቧንቧ እየጠበበ ትንፋሽ ከሚያሳጥር ሕመም፣ እንዲሁም ከሳልና ከመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ነገሩ ለጥንቱ ሰውም እንግዳ አልነበረም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 በግድግዳ ላይ ስለሚወጣ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ «የቤት ለምጽ» ሲደነግግ፣ ቤቱ 7 ቀን እንዲዘጋ፣ ደዌው ከሰፋም የተበከለው ድንጋይ ወጥቶ ግድግዳው ተፍቆ በአዲስ ጭቃ እንዲመረግ፣ ዳግመኛ ከወጣበትም እንዲፈርስ ያዛል። ሕጉ የሚመረምረው ግድግዳውን ነው፤ ነዋሪዎቹን በንጽሕና ጉድለት አይከስም። ይህ ፍርድ ለአዲስ አበባ እናቶችም ይገባቸዋል፤ ከሥር የሚረጥብን ግድግዳ ማንም እናት ጠርጋና ወልውላ አታደርቀውም፤ የሕፃኑ ሳንባ የሚጠበቀው የድንጋይ መሠረት፣ አሸንዳና የሚከፈት መስኮት የማሠራት ሥልጣንና አቅም ያለው አካል ግድግዳውን የራሱ ኃላፊነት አድርጎ ሲቆጥር ነው።